እናቴ ያልጠረገችው ድር

እናቴ የሞተችው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሸረሪቶቹ የመጡት መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ሸረሪቶቹ በየዓመቱ ይመጣሉ። የዚያን ዓመት ግን የሚጠርጋቸው አልነበረም።

የወላጆቼ ቤት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ከታክሲ የወረደ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት ይወጣል። አስፋልቱ ወደ ኮብልስቶን ይለወጣል፣ ኮብልስቶኑ ወደ አፈር፤ ከዚያ ጥቂት ግቢዎች፣ ከዚያ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። የእኛ ግቢ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። በጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ በር አለች፤ በእሷ የወጣ ሰው ሁለተኛው እርምጃው ጫካ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ይባል እንጂ ኑሮው የገጠር ነው። ማታ ጅብ ይጮኻል፣ ክረምት እንቁራሪት ቤት ይገባል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሸረሪት።

ክረምቱን ሙሉ ማንም አያያቸውም። ሣር ውስጥ ሆነው ያድጋሉ መሰለኝ። ከዚያ ፀሐይዋ አራት አምስት ቀን አከታትላ ትወጣና፣ አንድ ማለዳ ጉሙ ሲነሳ አጥሩ ሁሉ ድር ለብሶ ይገኛል። በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ በውኃ ታንከሩ እግሮች መሐል፣ በሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ጤዛ ተንጠልጥሎበት። ትልልቆቹ ሆዳቸው ቢጫና ጥቁር መስመር አለው፤ እግራቸውን ሲዘረጉ የሕፃን መዳፍ ያክላሉ። ድራቸው መሐል ላይ ነጭ ክር ወዲያና ወዲህ ያጠማዝዛሉ፤ ልጅ ሆኜ ፊርማቸው ይመስለኝ ነበር። ሰው አይነኩም። ሕዳር ገብቶ ብርዱ ሲበረታ አንድ በአንድ ይረግፋሉ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠርጋቸው ነበር። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ አሮጌ ሹራብ ትጠመጥምና ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ከበረንዳው ትጀምራለች። አትገድላቸውም። እንጨቱን በጓሮ በር አሾልካ ጫካው ላይ ታራግፈዋለች። ይህን ስታደርግ ታወራቸዋለች፤ አሁን ሂዱና ሳምንት ትመጣላችሁ ትላቸው ነበር። እውነትም ሳምንት ይመጣሉ።

በሽታዋ የሳንባ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ትንፋሽ እያጠራት ከታች ወዳለው ጤና ጣቢያ ትመላለስ ነበር። አባቴ በማለዳ ቀድሟት ይወርድና ተራ ይይዛል፤ እሷ ፀሐይ ሞቅ ሲል እያረፈች ትደርስበታለች። የለመዱት እንደዚያ ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች፤ በአራተኛው ቀን አረፈች።

ድንኳን ሦስት ቀን ተተከለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ዘመሩ፣ እድርተኛው ወንበርና ድስት አመጣ፣ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ዋለ። ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አክስቴ ለሰዉ ውስጧ ነው የሚያለቅሰው አለች። ውስጤ አያለቅስም ነበር። ከጎረቤት ከተዋስናቸው ፌርሙሶች አንዱ ጠፍቶ ነበርና እሱን እያሰብኩ ነበር።

እኔ የምኖረው ወሰን የሚባል ሰፈር ነው፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወር ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ነው አዲስ አበባ የሚያድረው። አባታችንን ብቻውን መተው አልሆነልንም፤ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩና ልብሴን በአንድ ቦርሳ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ፈቃዴ ሲያልቅም አልተመለስኩም። እዚያው እያደርኩ ወደ ቢሮ እወርድ ጀመር።

አባቴ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠግን ኖሯል። ብዙ አያወራም፤ ድሮም አያወራም ነበር፤ ስለዚህ ዝም ማለቱ አልገረመኝም። አብረን እንበላለን፣ ሬዲዮ እንሰማለን፣ ዝም እንላለን። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የበረንዳውን መብራት አያጠፋም ነበር። ጠዋት አጥፍቼው ወጥቼ ከሥራ ስመለስ በርቶ አገኘዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በዚያ ሰሞን ምንም ነገር አልጠይቅም ነበር።

መብራቱን ያስተዋሉት ባለሱቋ ናቸው። ከእኛ ዝቅ ብሎ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም እናት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተጎራብተዋል፤ ከለቅሶው በኋላም ምሳ በሳህን ሸፍነው መላክ አላቆሙም። አንድ ቀን ሳህናቸውን ልመልስ ስሄድ ዘንድሮ ግቢያችሁ ሸረሪቱ በዛ አሉኝ። በየዓመቱ ነው አልኳቸው።

"እንደ ዘንድሮ አይደለም፣ ልጄ። መብራቱ ነው። መብራት ትንኝ ይጠራል፣ ትንኝ ሸረሪት ይጠራል። አባትሽን ያጥፉት በያቸው።"

እሺ ብዬ ሄድኩ። አልነገርኩትም።

መስከረም ሲያልቅ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ድር ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ስመለስ እንጨቱን ከግድግዳው ጥግ አነሳሁት። ሹራቡ ጫፉ ላይ እንዳለ ነበር፤ እሷ እንዳሰረችው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተበላሸ ሶኬት ይፈታ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"ተይው" አለኝ። "ነገ ቅዳሜ አይደል? እናትሽ ትጠርገዋለች።"

ይህን ያለው ብሎኑን እየፈታ ነው። ድምፁ ውስጥ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ቆምኩ። አንድ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ወይም ተሳሳትኩ ይላል ብዬ። ሶኬቱን ገልብጦ እፍ አለበት። እንጨቱን ወደ ቦታው መለስኩትና ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። አፉን አዳልጦት ነው አልኩ ለራሴ፤ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል አልኩ። ግን በነጋታው ቅዳሜ አልጠረግኩም፤ በሚቀጥለውም አልጠረግኩም። ብጠርግ ማን ጠረገው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከጠየቀኝ መመለስ አለብኝ።

ሸረሪቶቹ በዙ። የመጨረሻው ዝናብ ከጣለ በኋላ አሸን ከመሬት ፈልቶ መብራቱን ከበበው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ያለ እስከማይመስል ድረስ ሆነ። ከበረንዳው ምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ ከጣሪያው ክዳን ወደ አጥሩ፣ አንዱ ድር በሌላው ላይ ተደረበ። አምፖሉ ራሱ ነጭ ከረጢት ውስጥ የገባ መሰለ፤ ብርሃኑ ደበዘዘ። በኮርኒሱ ላይ ደግሞ እግራቸው ፀጉር የሚመስል ቀጫጭኖቹ ተንጠለጠሉ። ከአልጋዬ በላይ አሥራ አንድ ነበሩ፤ እያየኋቸው ነበር የምተኛው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የእንቁላል ከረጢቶች ተለጥፈው ነበር፣ የጥጥ ፍሬ የሚያካክሉ። አንድ ማለዳ ከጓሮ ያለው ሣር በሙሉ ብርማ ሆኖ አየሁት፤ ቀርቤ ሳይ ጥቃቅን ግልገሎች ናቸው፣ እያንዳንዷ አንድ አንድ ክር ለቃ ነፋሱ እንዲወስዳት የምትጠብቅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጄን ጠርቼ አሳያት ነበር። አልፌ ሄድኩ።

ቢሮ አንዲት ባልደረባዬ ከፀጉሬ ላይ አንድ ነገር ልታነሳልኝ እጇን ሰድዳ ጮኸች፤ ወረቀቷን ሁሉ ጣለችው። አንገቴ ላይ የወረደችውን ሸረሪት በፖስታ አንስቼ በመስኮት አስወጣኋት። ባልደረባዬ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። አትናከስም አልኳት።

ጠያቂም ቀነሰ። ልጄ አንድ እሑድ ከአባቷ ጋር መጥታ ከበሩ አልገባም አለች። አልተከፋሁባትም። ወደ ውጭ ወጥቼ አቀፍኳትና ተመለሱ።

ወንድሜ ከጉዞ የተመለሰው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ግቢው በር ላይ ቆሞ ብዙ አየ። ወደ ታች ወርዶ ሁለት ትልልቅ ጣሳ ፍሊት ገዝቶ መጣ። አፉንና አፍንጫውን በሻርፕ አስሮ ሊጀምር ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት።

"አትርጭ" አልኩት።

"ምን ማለት ነው? ሰው የሚኖርበት ቤት ነው ይሄ?"

"ለአባዬ ደረት ጥሩ አይደለም።"

"ሸረሪት ነው ጥሩው?" አለና ጣሳውን አስቀመጠ። "አመመሽ እንዴ? ምንድን ነው የሆንሽው?"

ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። አባቴ ሳሎን ነበር፤ ሬዲዮው ይሰማኛል። ተወው፣ እኔ ቀስ ብዬ እጠርገዋለሁ አልኩት። ወንድሜ ራት ሳይበላ ተኛ። ጣሳዎቹ በረንዳው ላይ አደሩ።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስነሳ አባቴ አልጋው ላይ አልነበረም። አልጋው ተነጥፏል። ሽንት ቤትም ማድ ቤትም የለም። ወንድሜን ቀሰቀስኩት። አባቴ ድሮ በየማለዳው በጓሮ በር ወጥቶ ጫካ ውስጥ ይንሸራሸር ነበርና ወንድሜ ወዲያው ወደ ላይ ነው የሄደው አለ። መኪናውን አስነስቶ በዋናው መንገድ ወደ ራጉኤል ወጣ፤ አንቺ ከጓሮ ግቢና እየተጣራሽ ውጪ አለኝ። ተስማማን። መሐል ላይ እናገኘዋለን ብለን ነው።

ጓሮ በር ስደርስ ቆምኩ። በሩን ከዳር እስከ ዳር የያዘ አንድ ድር ነበር፤ ባለ ቢጫ መስመሯ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች። ጤዛው እንዳለ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የማየው አንድ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልም በላይኛው ጥግ እንደተንጠለጠለ ነው። ሸረሪት ድሯን በአንድ ሌሊት እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ያንን ቅጠል ግን መልሳ አትሰቅለውም። በዚህ በር ሰው አላለፈም።

ተመልሼ ቤት ገባሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የመኝታ ቤቱን ምስማር አየሁት። የእናቴ የሕክምና ካርድና ወረቀቶች ያሉበት የፕላስቲክ ከረጢት እዚያ ነበር የሚንጠለጠለው። ምስማሩ ባዶ ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለትና ወደ ታች ነው የሄደው አልኩት። በምን አወቅሽ አለኝ። የጓሮው ድር አልተበጠሰም አልኩት።

"ለሸረሪት ድር ብለሽ ነው ጫካውን የምንተወው?"

"አንተ ፈልግ። እኔ ጤና ጣቢያ ልይ።"

ባለሱቋ በራቸውን እየከፈቱ ነበር። ነገርኳቸው፤ እኔ እንኳ አሁን ነው የከፈትኩት፣ አላየኋቸውም አሉ። ሱቁን መልሰው ዘግተው ሊከተሉኝ ሲሉ ምናልባት ቢመለስ እዚህ ይሁኑልኝ አልኳቸው። ዳገቱን ወረድኩ። አልሮጥኩም። ጫማዬ ስር ኮብልስቶኑ እርጥብ መሆኑን አስታውሳለሁ።

አባቴ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ግራጫ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፏል፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሯል። አጠገቡ የፕላስቲኩን ከረጢት አስቀምጦ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይዟል። ሰዎች ቆመው ነበር፤ ቦታውን ግን አልሰጠም።

"አባዬ" አልኩት።

ቀና አለ፤ አልደነገጠም። "መጣሽ? እሷስ?"

"ማን?"

"እናትሽ ናታ። ተራ ይዤላታለሁ። አትቸኩል፣ እያረፈች ትውረድ።"

ከረጢቱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና እሷ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት በመስኮቱ አየችኝና ልጃቸው ነሽ ወይ አለችኝ። በሩ ሳይከፈት ነው የመጡት አለች፤ ታማሚዋ ሲደርሱ ይጥሩኝ ብያቸው ነበር፣ እስካሁን አልመጡም። እሺ አልኳት። ከፊታችን የነበሩት ሦስት ሰዎች ገቡ። አባቴ መንገዱን ያያል። ዘገየች አለ። መልሶ ዘገየች አለ።

"አባዬ፣ እማዬ አትመጣም" አልኩት። "ሞታለች። ነሐሴ ላይ ቀብረናታል።"

በዚህ ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሰው አረፈች፣ አጣናት እል ነበር። ሞታለች የሚለው ከአፌ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነው የሰማሁት።

አባቴ አየኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ ብዙ ቆየ።

"ለአንቺ ማን ነገረሽ?" አለኝ።

ከዚያ አለቀሰ። በድንኳኑ ሦስት ቀን ያላየሁትን ለቅሶ፣ ጮክ ብሎ፣ ጭኑን እየመታ አለቀሰ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከበቡን። አንዷ ትልቅ ሴት ክንዴን ይዘው ገሠጹኝ፤ መርዶ እንዲህ ሜዳ ላይ ይነገራል ወይ፣ ዘመድ የላችሁም ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርዶ በማለዳ፣ ቤት ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። በገዛ እጁ አፈር ጥሎባታል፣ ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው ብዬ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። ረጅም ነገር ሆነብኝ። ይቅርታ ብቻ አልኳቸው።

ሰዎቹ አሳለፉን፤ በእናቴ ተራ እሱን አስመረመርኩት። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችው፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ የእኔን ዕድሜ። የእኔን ዕድሜ በሃያ ዓመት አሳነሰው። የማስታወስ ችግር ነው፣ ትልቅ ቦታ ይታይ ብላ ጻፈችልን። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ ይሄ የሁለት ወር ነገር አይመስለኝም፣ ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም አለችኝ። መንገድ ላይ ሆኜ አሰብኩት። እናቴ ዓረፍተ ነገሩን ትጨርስለት ነበር። የሰው ስም ሲጠፋው ቀድማ ትጠራለታለች። ቁልፉን የት እንዳኖረው ሳይጠይቅ ታቀብለዋለች። ትዳር ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነበር የማየው።

ወንድሜ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያን ዓርብ ያለኝንም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንጃ" አልኩት።

ግቢውን የጠረግነው ሕዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ በሚያቃጥልበት ቀን። ብርዱ በርትቶ ስለነበር ከሸረሪቶቹ የሚበዙት ሞተው ደርቀዋል። ወንድሜ ከላይ ከላይ በእንጨቱ፣ እኔ ከታች በመጥረጊያ። ድሩ ሹራቡ ላይ እየተጠቀለለ የትራስ ያህል ወፈረ። ስናቃጥለው ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ አንዴ ብልጭ ብሎ አለቀ። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ጥግ ጥጉን አትርሱ ይለን ነበር። የጓሮ በሯን እኔ ነኝ የጠረግኳት፤ ባለ ቢጫ መስመሯ አልነበረችም፣ ቅጠሉም ወድቆ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴን ወሰን ወሰድነው። የፈረንሳዩን ቤት አከራየነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት አስቸጋሪ ነበሩ። እናትሽስ ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ እንደ አዲስ ያለቅሳል። አራት ጊዜ ነገርኩት። በአምስተኛው ደህና ናት አልኩ፤ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ምሳውን በላ። እንዲህ ያለ ውሸት ኃጢአት ነው ወይ ብዬ መጋቢያችንን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ሳልጠይቅ ቀረሁ። አሁን እሱም መጠየቁን ትቷል።

ከቤታችን ጎን ጋራዥ አለ። መካኒኮቹ ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥተው ያስቀምጡታል፤ ጋሼ ይሉታል። ባለፈው ወር አንዱ ሚኒባስ የፊት መብራቱ እምቢ ብሎ ግማሽ ቀን ሲደክሙበት፣ አባቴ ተነስቶ ሽቦውን በጣቱ እየዳበሰ ሄደና የተላጠውን ቦታ አገኘላቸው። በቴፕ ጠቀለለው፤ መብራቱ በራ። ሲነግሩኝ እጃቸው አልረሳም አሉኝ። ቤት ስንገባ ምን ስትሠራ ዋልክ ብዬ ጠየቅኩት። ምንም አለኝ። እጁ ላይ ግሪስ ነበረ፤ በሞቀ ውኃና በኦሞ አጠብኩለትና ራት አቀረብኩ።